አንቱ የተባሉት እንግዶች

«ከባሕር ማዶ መጡ እኮ! ዘንድሮስ ቀደም ብለዋል!» አለ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ።

ልጄ፣ ከምርቃት ወሬ ማስቀደሜን ይቅር በለኝ፤ የረገጥከው ይለምልም፣ የጎረስከው ይስማማህ። ይህን ስሰማ የመጣኸው አንተ መሰልከኝ። አባትህን እንኳ አንቱ ብሎ የማያውቅ ሰው ልጄን አንቱ አለልኝ ብዬም ኮራሁ። ሰው አገር ሲቆይ ይከበራል ማለት ነው አልኩ። ክፍልህን ጠረግሁ፣ አንሶላህን ቀየርኩ፣ አሮጌውን እንደታቀፍኩ ወደ ደጅ ሮጥኩ።

«የታለ?» ስለው ጣቱን ወደ መስኮትህ ቀሰረ። ጭራቸው እንደ መቀስ የተከፈለ ሁለት ወፎች ከመስኮቱ በላይ ጭቃ ይለጥፋሉ። ብርዱ እንኳ ገና አልለቀቀንም።

«እትዬ፣ አልጋ ያነጠፍሽው ለወፍ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ከመሳቅ ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ?

ከዚያ ወዲህ አባትህ የወፍ ዘበኛ ሆኗል። ጎጇቸው እንዳይፈርስ መስኮቱ አይከፈትም ብሏል። በዚያ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ በሠላሳ ዓመት ትዳር ለእኔ አንድ ቀን አድርጎት አያውቅም።

በል ደርበህ ልበስ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ ሞገስ ይሁንህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ የምትመጣበትን ቀን ቁርጡን ጻፍልኝ። እኔ አልቸኩልም፤ ወፎቹም ዓመት ጠብቀው ነው የሚመጡት።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ሲመጡ ይኸ ሰባተኛቸው ነው።