የታጠፈው ጠርዝ

የካቲት 3

የሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን አለቀ። ጉሮሮዬ ደርቋል። ሠላሳ ሁለት ሰው፣ አንድ ቬንትሌተር፣ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረ። የአሶሳ ሙቀት ደግሞ በየካቲት አይቻልም። ግማሾቹ የሬዲዮ ጋዜጠኞች፣ ግማሾቹ ከየቀበሌው የመጡ ነዋሪዎች ናቸው። የሥልጠናው ርዕስ ሁለት መስመር ይፈጃል። ሲያጥር ግን ያው ነው... ሳታጣሩ አትላኩ፣ ያጠፋን ሰው ጠይቁ።

የምወዳትን ጨዋታ ዛሬም ተጫወትኩ። ትልቁ ወረቀት ላይ ወሬ ጻፍኩ፦ "አስቸኳይ! ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ቦኖ ውሃው ተመርዟል። ሁለት ሕፃናት ታመዋል። ላልሰማ አሰሙ።" ጥጉ ላይ ቀይ ጀሪካን ሣልኩ፣ እንዲያምር። ከታች "ይህ ሐሰት ነው፤ ለትምህርት የተጻፈ" ይላል። እሱን ግን ጠርዙን ወደ ኋላ አጥፌ በፕላስተር ለጠፍኩት። እስኪበቃቸው ይጨቃጨቃሉ፣ ከዚያ ስፈታው አዳራሹ በአንድ ድምፅ "ወይኔ!" ይላል። ሦስት ዓመት ሠርቶልኛል።

ዛሬ አዲስ ነገር ጨመርኩ። ፎቶ አንሱት፣ ቤት ወስዳችሁ አሳዩ፣ ማን እንዳመነ ነገ ትነግሩኛላችሁ፣ ጠርዙንም ነገ እፈታዋለሁ። የቤት ሥራ መሆኑ ነው። በራሴ ብልጠት ተደስቼ ነበር።

አምስቱንም ጥያቄ አስጠናኋቸው። ማን ጻፈው? መቼ? ምን አይቶ? ማን ይጠቀማል? ስህተት ከሆነስ ማን ይጠየቃል?

ከኋላ አንዲት ሴትዮ እጇን አወጣች። ዓፊያ ትባላለች። ከባምባሲ መንገድ ገባ ብሎ ካለ የበርታ መንደር የመጣች የቦኖ ጠባቂ። የቦኖውን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትዞረው። አማርኛ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። ለሁሉም ሰው "አንተ" ነው የምትለው፣ ለእኔ ለሴቷም።

"አስተማሪ፣ ውሸት ለትምህርት ይጻፋል?"

"ምሳሌ እኮ ነው።"

"እሺ፣ ምሳሌ። ወረቀት ምሳሌ መሆኑን ያውቃል?"

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የካቲት 4

ጠርዙን ፈታሁ። "ወይኔ!" አሉ። ቶሌራ፣ ከሬዲዮ ጣቢያው የመጣው ወጣት ሪፖርተር፣ "እናቴ አምናው የጀሪካኑን ውሃ በሙሉ ደፋች" ሲል በሳቅ ፈረስን። ሰርተፊኬት፣ ፎቶ፣ ለስላሳ። ሁሉም ወደየቤቱ ገባ።

ፎቶውን አጥፉት ማለት ነበረብኝ? አላልኩም።

የካቲት 6

ሪፖርቱ አልተጻፈም። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ። ምን ሆኜ ነው?

የካቲት 8

ገበያ ሄጄ ነበር። ማንጎ የምትሸጥልኝ ደንበኛዬ እየመረጠችልኝ "ሰማሽ አይደል፣ በባምባሲ መንገድ ውሃ መርዘው ሕፃናት ታመሙ" አለችኝ። ስልኳን አሳየችኝ።

ቀይ ጀሪካን።

የእኔ ጀሪካን። የእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ እግሩን የምጎትተው "ተ" ሳይቀር። ከታች ነጭ የታጠፈ ጠርዝ ብቻ። ማንጎውን ትቼ ሄድኩ። "ሒሳቡን ኋላ ትሰጭኛለሽ፣ ውሰጂ እንጂ!" እያለች ስትጣራ እሰማለሁ። አልዞርኩም።

ከመስጊዱ ጀርባ ብዬ ጻፍኩ። የትኛው መስጊድ? የትኛውንም ያልጠቀስኩ መስሎኝ ነበር። እዚህ አገር ከመስጊድ ጀርባ ቦኖ የሌለው መንደር የት አለና?

የካቲት 9

ዓፊያ ደወለች።

"አስተማሪ፣ ቁልፍ ወሰዱብኝ። ዓፊያ መርዝ አደረገ ይላሉ። ውሃ የሚቀዳ የለም፣ ሰው ሁሉ ወንዝ ሄደ።"

"አልነገርሻቸውም? የሥልጠና ወረቀት እንደሆነ?"

"ነገርኩ። አንተ ማንበብ አትችልም፣ ምን ታውቃለህ አሉኝ። ወላሂ ውሸት አልተናገርኩም። አስተማሪ ና። አንተ ንገራቸው።"

እመጣለሁ አልኳት። በእውነት ልሄድ ነበር። ቦርሳዬን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

የካቲት 10

ቦርሳው በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው።

አቶ ስለሺ፣ የሥልጠና ድርጅታችን አስተባባሪ፣ በጠዋት አስጠራኝ። ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በሩን ዘጋና "የሺሀረግ፣ የድርጅቱ ስም አይነሣም። አንቺም ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርሽ እኔ ነኝ አትዪም። በሬዲዮ ማስተባበያ እንስጥ። ባልታወቁ አካላት የተሠራጨ ሐሰተኛ መረጃ... በቃ። ውልሽም የሚታደሰው በዚህ ወር ነው" አለኝ።

ማስተባበያውን ራሴ ጻፍኩት። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እንዴት ነው እንዲህ ቶሎ የመጣልኝ?

የካቲት 11

አነበብኩት። "ባልታወቁ አካላት" ላይ ስደርስ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ እንዲያውም አማረ። መቅረጫው ላይ ቶሌራ ነበር። ስወጣ "እትዬ የሺ፣ አካሉ ማነው?" አለኝ። ቀልዶ አልነበረም። ሥራህን ሥራ ብዬው ወጣሁ። ልጁ ምን አጠፋ? ያስተማርኩትን ነው የጠየቀኝ።

የካቲት 12

ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረግሁት።

የካቲት 13

ዓፊያ።

"ሬዲዮ ሰማሁ። ድምፅህን አወቅሁ።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

"ያልታወቀ ሰው አልክ። ሰው ሁሉ አሁን ምን ይላል? ያልታወቀው ዓፊያ ነው፣ ሬዲዮ ስሙን ደበቀለት ይላል።"

"ዓፊያ..."

"ቆይ። ሌላ አለ። ሁለት ልጅ ታመመ። ከወንዝ ጠጥተው ነው፣ ሆዳቸው አልቆም አለ። ጤና ጣቢያ ገቡ። ሰው ወረቀቱን ያሳየኛል። ይኸው፣ ሁለት ሕፃናት ይላል፣ ሁለት ሆነ ይለኛል።"

ሁለት። ለምን ሁለት ብዬ ጻፍኩ? አንድ ሲሆን ያንሳል፣ ሦስት ሲሆን ይበዛል ብዬ ነው። ማርከሩን ይዤ ቆሜ እንዲህ ነው ያሰብኩት፣ በደንብ አስታውሳለሁ። ጨው እንደመመጠን።

አፈርኩ። ከዚህ ሌላ የምጽፈው ቃል የለኝም።

የካቲት 14

ሄድኩ። ለአቶ ስለሺ አልነገርኩም። ወረቀቱን ጠቅልዬ ያዝኩ። ቶሌራን መቅረጫህን ይዘህ ና አልኩት፣ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። በሞተሩ አፈናጠጠኝ።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ደረስን። ሰዉ ማንጎው ዛፍ ሥር ቆሟል። ዓፊያ አንገቷ ባዶ ነው። ወረቀቱን ዘርግቼ ጠርዙን አሳየሁ። ቦኖውን አስከፍቼ በኩባያ ጠጣሁ። ይህን መንገድ ላይ ስዘጋጅበት ነበር የመጣሁት፣ ሁሉም የሚያምነኝ መስሎኝ። አንድ ሽማግሌ ፈገግ ብለው "ማርከሻውን ወስደሽ መጥተሽ ይሆናል፣ በምን እናውቃለን?" አሉ። ሳቁ። እውነታቸውን ነው፣ ከእኔ መጠጣት ሌላ ምን አዩ?

ያን ጊዜ ዓፊያ ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች። አንድ ጊዜ በበርታ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ በጣቷ እየቆጠረች ጠየቀችኝ።

"ማን ጻፈው?"

"እኔ። የሺሀረግ።"

"መቼ?"

"የካቲት ሦስት።"

"ምን አይቶ?"

"ምንም አላየሁም። እዚህ መንደር መጥቼም አላውቅ። አሶሳ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ነው የጻፍኩት።"

"ማን ይጠቀማል?"

ለሠልጣኝ ሲሆን ቀላል ጥያቄ ነበር።

"እኔ። ሰው ይስቃል፣ ጎበዝ አስተማሪ ናት እባላለሁ። በሬዲዮ ያልታወቁ አካላት ያልኩትም ሥራዬን ፈርቼ ነው። አካሉ እኔ ነኝ።"

"ስህተት ከሆነ ማን ይጠየቃል?"

"እኔ።"

ዓፊያ ወደ ሰዉ ዞረች። "ጨረስኩ" አለች፣ በአማርኛ።

ማንም አላጨበጨበም። የአንደኛዋ ሕመምተኛ እናት ከኋላ ሆና በበርታ ጮኸች፣ ለረጅም ጊዜ። ሽማግሌው ሊተረጉሙልኝ ጀምረው ተዉት። "ተቆጥታለች" ብቻ አሉኝ። የቁልፉን ጉዳይ ተነጋግረን እንወስናለን አሉ። ወረቀቱ ግን እዚህ ይቅር አሉ። ሰጠኋቸው።

ስንመለስ አቧራው ዓይኔ ገባ እያልኩ መንገዱን በሙሉ አለቀስኩ። ቶሌራ አንዴም አልዞረም፣ ጨዋ ልጅ ነው።

የካቲት 15

ቶሌራ የቀረጸው በጠዋቱ ዜና ተላለፈ። አልተቆረጠም፣ ሽማግሌው የሳቁት ሳይቀር። ከአቶ ስለሺ ሰባት ያልተነሣ ጥሪ። ስምንተኛውን አነሣሁት።

የካቲት 19

ደብዳቤ። "ውልዎ የማይታደስ መሆኑን እየገለጽን ለነበርዎት መልካም የሥራ ጊዜ..." ለቶሌራም ከሬዲዮ ጣቢያው ማስጠንቀቂያ ሰጥተውታል። ይሄ ከራሴ በላይ አናደደኝ።

ለአባዬ አልነገርኩትም። በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው እዚህ ሲያሰፍሩት የተነገረውን ሁሉ አምኖ እንደመጣ እያነሣ ሁልጊዜ በራሱ ይስቃል። ምናልባት እሱ ይገባው ይሆናል። እሑድ እነግረዋለሁ።

የካቲት 21

ዓፊያ ደወለች። ከጀርባዋ ጫጫታ አለ፣ ጀሪካን ከጀሪካን ይጋጫል።

"አስተማሪ፣ ራሴን አመመኝ!"

"ምነው?"

"ወረፋ! ነገ ረመዳን ነው፣ ሰው ሁሉ ዛሬ ይቀዳል። ይጣላሉ። አንዱ ቀደመኝ ይላል፣ አንዱ የወረፋ ድንጋዬን አነሡብኝ ይላል። ቁልፍ ከመለሱልኝ ጀምሮ ምሳ አልበላሁም።"

ሳቅሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ቁልፉን መቼ መለሱልሽ ስላት ትናንት አለች፣ ቀለል አድርጋ። ወረቀቱን የቦኖው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፣ ጠርዙ ተፈትቶ። የማያነብ ሲመጣ የሚያነብለት ይጠራለታል።

"ልጆቹስ?"

"ወንዱ ዳነ፣ ይሮጣል። ሴቷ ቤት መጣች። ግን አልተነሣችም፣ ደክማለች። እናቷ ገና ስምህን ስትሰማ ትቆጣለች።"

"መምጣት አለብኝ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? አንተ አስተማሪ ነህ።"

አይደለሁም አሁን፣ ልላት ነበር። አንድ ሰው "ዓፊያ!" ብሎ ተጣራ፣ ስልኩን ሳትዘጋው ሄደች። ሲጣሉ፣ ውሃው ሲወርድ፣ እሷ ስታስታርቅ እየሰማሁ ቆየሁ። የስልኳ ሒሳብ እስኪያልቅ አልዘጋሁም።

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። የሚላክልኝ መኪና የለም፣ የያዝኩት ወረቀትም የለም። ምን ብዬ እንደምገባ አላዘጋጀሁም። ልጅቷን ላያት እፈልጋለሁ። እናትየዋ በሩ ላይ ማን ነሽ ካለችኝ ስሜን እነግራታለሁ፣ ከዚያ እስክታስገባኝ ውጭ እቆማለሁ።