ከ«ጥላው ሲረዝም» የተቆረጠው ስንኝ

ሰኞ

እምቢ አሉ። ለማንም እምቢ ብለው የማያውቁት አክስቴ እትዬ አስካለ፣ ዛሬ አጎቴን ጋሼ መኮንንን «አይሆንም» ብለው ስልኩን ዘጉባቸው። አጎቴ ደግመው ደወሉ። አይነሳም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የአዲስ አበባ ወጣት ዘፋኝ «ጥላው ሲረዝም»ን እንደ አዲስ ልትዘፍነው ፈልጋ የቤተሰቡን ፈቃድ ጠየቀች። ዘፈኑን የማያውቅ የለም፤ ሠርግ ላይ ይዘፈናል፣ አውቶብስ ውስጥ ይከፈታል። እኛ ቤት መሠራቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ግጥሙ የአባቴ፣ ዜማው የጋሼ መኮንን። ሁለቱ ወንድማማቾች ከሐረር ሳይወጡ ለስንቱ ዘፋኝ ዘፈን ሠርተው ላኩ፤ ስማቸው ግን የካሴት ልባስ ላይ በደቃቃ ፊደል ቀረ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እትዬ አስካለ ደግሞ ወንድሞቻቸውን ምሳ እያበሉ ሲያዳምጡ የኖሩ እህት ናቸው። እኔ የማውቀው እንደዚያ ነበር።

«ምን አሉ?» አልኳቸው አጎቴን።

«የተቆረጠው ካልተመለሰ አይዘፈንም አለች።»

«ምኑ ነው የተቆረጠው?»

አጎቴ አኮርዲዮናቸውን ከሳጥኑ አውጥተው አቧራውን መጥረግ ያዙ። የሆነ ነገርማ አለ።

ዘፋኟ መልሱን በዚህ ሳምንት ትፈልጋለች።

ማክሰኞ

ከምሠራበት ፋርማሲ ቀደም ብዬ ወጥቼ አክስቴ ወደሚኖሩበት ወደ አቦከር ሰፈር ሄድኩ። እትዬ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ከግቢ አይወጡም። በረንዳው ላይ ሽንኩርት እየላጡ አገኘኋቸው።

«ማን ላከሽ?» አሉኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«ማንም አልላከኝም። ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ሳቅ አሉ። ከዚያ «ዘፈኑ የኔ ነው» አሉኝ። «ቢላዋው የኔ ነው» በሚሉበት ድምፅ። እንደ ዋዛ።

በልጅነታቸው ቤታቸው ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር አጠገብ፣ ከግንቡ ውጭ ነበር። ከግንቡ ውስጥ፣ ጀጎል፣ ረምላ የምትባል ጓደኛ ነበረቻቸው። የስንደዶና የአለላ ስፌት ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ከሰዓት በኋላ እትዬ በሩ ጋ ቆመው ይጠብቋታል፤ ስትመጣ አብረው ቁጭ ብለው ይሰፋሉ። አንድ ቀን ረምላ ተዳረችና ጅቡቲ ሄደች። እትዬ ግን በሩ ጋ መቆማቸውን አልተዉም።

«እንደማትመጣ እያወቁ?»

«እግሬ ለምዶ ነዋ!»

እዚያ ቆመው ያንጎራጎሩትን ወንድሞቻቸው ቤት ውስጥ ሰሙት።

ገበያው ሲበተን ጥላው ሲረዝም፣
ዓይኔ ከበሩ ላይ አይነቀልም።

አገሩ ሁሉ የወንድና የሴት ፍቅር ነው የሚለው። እኔማ ይባስ ብሎ፣ አባቴ ለእናቴ የጻፈው ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት።

የተቆረጠው መጨረሻው ነው። የመጀመሪያውን መስመር ነገሩኝ፦

ጅምሩ ስፌትሽ እጄ ላይ ቀረ፣

ቀጣዩን ስጠብቅ ቢላዋውን አስቀመጡ። «ጠፋብኝ፣ ሕይወት ልጄ። ከትናንት ጀምሮ እየፈለግሁት ነው። እዚህ ጋ ነበር» አሉ ከንፈራቸውን በጣታቸው እየነኩ።

ነገር እየረሱ መሆኑን አውቃለሁ። ባለፈው በእናቴ ስም ጠርተውኛል። አሁን የገባኝ ግን እሳቸውም እንደሚያውቁት ነው። «ስንኙ ከጠፋ እሷም መጥፋቷ ነው» አሉኝ፣ ሽንኩርቱን እንደገና እያነሱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ አልጠየቅሁም።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ትከፋለች ብዬ ነበር። ሳቀች!

«አባትሽ? አባትሽ በር ላይ ቆሞ ሰው የሚጠብቅ ሰው ነበር? ስጠብቅ የኖርኩትስ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ለኔ ነው የጻፈው ስትይኝ ኖርሽ?»

«ሲዘፈን ደስ ይለኝ ነበራ!»

እሷ ሳቀች እንጂ እኔ ትንሽ ከፍቶኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ረቡዕ

ጋሼ መኮንን ዛሬ አመለጥኳት ብለው ነበር፤ አላመለጡኝም። ሻይ ቤት ድረስ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«መጀመሪያ የዘፈነው ዘፋኝ ነው ያስቆረጠው» አሉ በመጨረሻ። «ወንድ ልጅ ስለ ስፌት ይዘፍናል እንዴ ብሎ ሳቀብን። አባትሽም እውነቱን ነው አለ። እኔም ዝም አልኩ።»

«እትዬስ ምን አሉ?»

«ሳህን እያነሳች ነበር። ማንሳቷን ቀጠለች።»

ቃሉን እሳቸውም አያስታውሱትም። ዜማውን ግን ያስታውሱታል! ቤት ሄደን በአኮርዲዮን ተጫወቱልኝ። ሁላችንም የምናውቀው ዜማ እያዘነ ወርዶ ነው የሚያልቀው። የተቆረጠው ግን መጨረሻው ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ አንድ ሰው ከሩቅ አይቶ «ያቻትና!» እንደሚል። ከዚህ ቤት ዜማ የማይገባኝ እኔ ብቻ ነኝ፣ ይሄ ግን ገባኝ።

«ዜማው የማን ነው ታዲያ፣ የርስዎ ወይስ የሳቸው?»

«መነሻው የሷ፣ መሀሉ የኔ። ድንበሩ የት ጋ እንደሆነ አሁን እኔም አልለየውም።» ከዚያም ቀስ ብለው፣ «ሳንጠይቃት ቀረን እኮ» አሉ።

ረምላ በሕይወት ትኖር ይሆን? ጅቡቲ ከሆነች በማን በኩል ይጠየቃል? ስንኙን ሰምታው ታውቅ ይሆን? የአባቷን ስም እንኳ አልጠየቅሁም። ሞኝ ነኝ።

ሐሙስ

በምሳ ሰዓት ጀጎል ገባሁ። መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ ይዤ፣ በልብስ ሰፊዎቹ መሀል አልፌ፣ ስፌት የሚሸጡ ሴቶች ጋ ደረስኩ። ረምላ የምትባል፣ ልጅ ሆና ጅቡቲ የተዳረች፣ ስል አንደኛዋ ጨርሼ እንድናገር እንኳ አልጠበቀችኝም።

«አባይ ረምላን ነው? እሳቸውማ አሉ! ባላቸው ሲሞቱ ተመልሰው መጡ እኮ። ያውና፣ አረንጓዴው በር።»

እዚሁ! እትዬ አቦከር፣ እሳቸው እዚህ። ከኔ ፋርማሲ በእግር ይደረሳል።

አባይ የሚሏቸው ለክብር ነው፤ ታላቅ እህት እንደማለት። ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴትዮ ናቸው። መደቡ ላይ አስቀመጡኝ። ከበላዬ ግድግዳው ሁሉ ስፌት ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአስካለ የወንድም ልጅ ነኝ። የሸዋ በሯ አስካለ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አስካለ አዲስ አበባ ገባች ብለውኝ!»

«አቦከር ናቸው።»

«ሱብሐነላህ! አቦከር?»

ዘፈኑን ስጠራላቸው ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። ጅቡቲ በሬዲዮ ሰምተውት ለባላቸው «ይሄ የተዘፈነው ለኔ ነው» ብለው ነበር። «ሐረር ውስጥ ጥላ የሚረዝመው ላንቺ ብቻ ነው? እያለ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እስኪሞት ድረስ ሳቀብኝ። ወላሂ አውቄው ነበር። ጥላው ረዘመ፣ ልሂድ የምለው እኔ ነበርኩ።»

ግን የተቆረጠውን አያውቁትም። ከሄዱ በኋላ የተሠራውን በምን ያውቁታል? አንዷን መስመር ነገርኳቸው። ጅምሩ ስፌትሽ እጄ ላይ ቀረ። መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

«ነገ ጁምዓ ነው» አሉኝ ሲሸኙኝ። «ቅዳሜ ውሰጂኝ።»

ዓርብ

ዘፋኟ ደወለች፤ እስከ እሑድ ታገሺ አልኳት። ትሁት ልጅ ናት፣ ግን ስቱዲዮው እየጠበቀ ነው።

ጋሼ መኮንን ሁለተኛውን መስመር ራሳቸው ሊሞሉት ሞክረው ነበር። «ሁሉም አባትሽን አባትሽን ይላል» ብለው ቀደው ጣሉት።

ለእትዬ ምንም አልነገርኩም። ደግ ሠርቼ ይሁን ክፉ እንጃ። የፈራሁትን እዚህ ልጻፈው፤ ለሰው አልናገረውም። እትዬ አባይ ረምላን አይተው ባይለዩዋቸውስ?

ቅዳሜ

አባይ ረምላ ሽቶ ተቀብተው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ጠበቁኝ፤ በባጃጅ ሄድን። የአቦከር ግቢ ስንደርስ ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ።

እትዬ በረንዳው ላይ ነበሩ። አዩን። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። እንደ ማንኛውም እንግዳ «ግቡ፣ ግቡ» አሉ።

አባይ ረምላ አልገቡም። ደረጃው ሥር እንደቆሙ በሐረሪ ቋንቋ አንድ ነገር አሉ፤ ቆጣ ብለው፣ እንደመገሠጽ። እትዬም ወዲያው በሐረሪ መለሱ! አክስቴ ሐረሪ እንደሚችሉ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

«ረምላ?»

«ታዲያ ማን ይሁን?»

ከዚያ በኋላ ያለውን ልጽፈው አልችልም። ተላቀሱ፣ ተሳሳቁ፣ አንዷ የሌላዋን እጅ ይዛ አልለቅ አለች። አባይ ረምላ ደረጃው ሥር ምን ብለዋቸው እንደሆነ ኋላ ጠየቅኋቸው። «እስካሁን እዚሁ ነሽ እንዴ፣ ቤት የለሽም?» ነው ያሉት። ሸዋ በር ላይ ሁልጊዜ የሚሏቸው።

ጋሼ መኮንን አኮርዲዮናቸውን ይዘው መጡ። ሳይጠየቁ ያቺን ሽቅብ የምትወጣውን ዜማ ጀመሩ። እትዬ በቀጭን ድምፅ «ጅምሩ ስፌትሽ እጄ ላይ ቀረ» አሉና እዚያው ላይ ቆሙ። ዜማው ባዶውን ሄደ። ጋሼ መለሱት። አሁንም ባዶውን ሄደ። በሦስተኛው አባይ ረምላ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ገቡበት፦

አለላው እኔ ጋ፣ ልቤ አንቺ ጋ ነበረ።

ጋሼ መኮንን መጫወታቸውን አቆሙ።

«እንደዚያ አልነበረም» አሉ እትዬ።

«ይቅር እንግዲያ» አሉ አባይ ረምላ።

«የለም። የኔው እኮ ጥያቄ ነበር። ይሄ መልሱ ነው።» ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «እንዲህ ከሆነ ይዘፈን።»

ጋሼ መኮንን አንገታቸውን ደፍተው «ለዘፋኟ ሥራው የአስካለ ነው ብዬ ራሴ እነግራታለሁ» አሉ። እትዬ እጃቸውን ወንድማቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ።

እሑድ

ለዘፋኟ ሁሉንም ነገርኳት። ጋሼም ስልኩን ተቀብለው የማን ሥራ እንደሆነ በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። ዝፈኚልኝ አለችኝ፤ አልችልም፣ ላንብብልሽ አልኳት። አነበብኩላት። «እንደገና» አለች። እንደገና አነበብኩ። ድምጿ ተለውጦ ነበር። እሷ እንደምትፈልገው፣ ሥራው ግን የብቻዋ ስላልሆነ አብረዋት የሚሠሩትን ማማከር እንዳለባት ነገረችኝ። የግጥሙና የዜማው ባለቤቶች ስም በምን ቅደም ተከተል ይጻፍ ብላም ጠየቀችኝ። ያንን እንኳ አላሰብኩበትም።

እናቴ ከጓዳ ሆና «የኔን ስም አስገቢበት!» አለች። የቀረኝ ኩርፊያ እዚያው አለቀ።

እስከ አሥር ሰዓት ዘፋኟን ጠበቅሁ፤ አልደወለችም። ይህንኑ ልነግራቸው እትዬ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት አባይ ረምላ ናቸው። ብቻቸውን ባጃጅ ይዘው ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ናቸው።

«ገና አልመለሰችልኝም» አልኳቸው። «ልምጣ እንዴ?»

«አሁን አትምጪ» አሉኝ። ከጀርባቸው እትዬ አንድ ነገር ያንጎራጉራሉ፤ የማላውቀው ነው። «ሌላ ጀምረናል።»