ለሚስቴ ሽማግሌ ስላስላኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ

ለተከበሩ የሸለቆ መልቲሚዲያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ከሚሴ

ክቡር ሆይ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጂርቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎ፣ አዲሱ ካሜራዎ፣ ከካሜራው ጎን የሚቆመው ክብ መብራትዎ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ የገጽዎን ተከታይ ያብዛልን፤ መብራት መጥፋትንም ከስቱዲዮዎ ያርቅልን።

እኔ በድሩ እባላለሁ። ከሚሴ ገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። እርስዎ እኔን አያውቁኝም፤ ባለቤቴን ኡምኩልሱምን ግን ያውቋታል፤ ቢያንስ ድምፅዋን ያውቁታል። ድርጅትዎ ገና መልቲሚዲያ ሳይሆን፣ «ሸለቆ ድምፅ» የሚባል ተራ ሬዲዮ በነበረበት ዘመን፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይተላለፍ በነበረው «ፋጡሜና ጎረቤቶቿ» በተባለው ድራማ ፋጡሜን ሆና ትጫወት የነበረችው እሷ ናት። ድርሰቱንም የፋጡሜን ባል ሆኖ ከሚጫወተው ከባጃጅ ነጂው ከዓብዱ ጋር እየተመካከረች ትጽፈው ነበር።

ደብዳቤዬን በአደባባይ ያደረግሁት ለድፍረት እንዳይመስልብኝ። ቢሮዎ በአካል ስመጣ «በገጻችን በኩል ጻፉልን» ተባልሁ፤ በገጻችሁ በኩል ስጽፍ ደግሞ የሚያጨበጭቡ ሁለት እጆች ሥዕል ተላከልኝ። ለጭብጨባው እያመሰገንሁ፣ የቀረውን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ዘመኑን ስላስረዱን አመሰግናለሁ። ሠራተኞችዎን ሰብስበው ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ጋዜጣና ስልክ ከእንግዲህ አንድ መሆናቸውን፣ ይህም የሚዲያ ውህደት እንደሚባል አብራርተውላቸዋል። ኡምኩልሱም ያን ቀን ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ሱቄ መጥታ ስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠች።

«ምን አሏችሁ?» አልኋት።

«ሁሉም አንድ ሆኗል አሉን።»

«ማሻአላህ! እናንተስ?»

«እኛ ከአንዱ ተረፍን» አለችኝ።

ሁለተኛ፤ ለትሕትናዎ አመሰግናለሁ። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ባለቤቴን ለብቻዋ ጠርተው፣ ተመልካች ከአንድ ደቂቃ በላይ ትዕግሥት እንደሌለው፣ ድራማው በአጫጭር ቪዲዮ እየተቆረጠ በስልክ ብቻ እንደሚቀጥል፣ ለቪዲዮ ደግሞ ለጋ ፊት እንደሚያስፈልግ ገልጸውላታል። «ድምፅሽን እንፈልገዋለን፤ አንቺን ግን ማስቸገር አንፈልግም» ብለዋታል። አራት ልጆች ወልዳ ያሳደገች ሴት ከእንግዲህ እንዳትቸገር ማሰብዎ ትልቅ ነገር ነው።

በቃልዎም ተገኙ። የድሮ ቅጂዎቿን እየቆረጣችሁ፣ ሽቶ ሱቅ የምትሠራውን ጨዋዋን ልጅ ጀነትን ከካሜራው ፊት አቁማችሁ፣ አፏን ከባለቤቴ ድምፅ ጋር እንድታንቀሳቅስ አደረጋችሁ። ልጅቱ ቆንጆ ናት፤ ዓይናማ ናት፤ አላህ ይጠብቃት። ሰዉም ወደዳት። «ምን ዓይነት ድምፅ ነው!» እያለ የሚጽፈው ሕዝብ ብዛት ለጉድ ነበር። ድራማው ግን ባለበት ቆመ፤ ምክንያቱም አዲስ የሚጽፍም የሚናገርም ሰው አልነበራችሁም። ፋጡሜ ላሟን የወሰደባትን ባሏን ልትከስ ሄዳ ቃዲው በር ላይ እንደቆመች ቀረች። ገባች? ተመለሰች? በጨፋ ሸለቆ ማሽላ የሚጠብቀው ገበሬ ማማው ላይ ሬዲዮውን ሰቅሎ ሐሙስን ሲጠብቅ፣ በሰዓቱ የሚሰማው «ገጻችንን ይከተሉ» የሚል ማስታወቂያ ሆነ። አንድ እጁ ወንጭፍ ይዞ፣ ዓይኑ ወፍ ላይ ሆኖ፣ ገጻችሁን በምኑ እንደሚከተል አንድ ቀን እንደሚያስረዱት ተስፋ አለኝ።

እዚህ ላይ ቀልዴን ላንድ አፍታ ልተው። ኡምኩልሱም ቤት ውስጥ ዝም አለች። ቀድሞ ወጥ ስታማስል የሁሉንም ሰው ድምፅ እያወጣች የምትለማመድ፣ ልጆቹን በሳቅ የምታፈርስ ሴት፣ «ጨው ጨምሪ» ሲሏት እንኳ በጭንቅላቷ የምትመልስ ሆነች። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆንሽ?» አልኋት።

«ድምፄ በባጃጅ ውስጥ ሲያልፍ ሰማሁት» አለች፤ «ቆሜ አየሁት። ሰላም እንኳ ሳይለኝ አለፈ።»

መቀሱን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥሁ።  

ሦስተኛ፤ የዚህ ደብዳቤ ዋና ምክንያት ወደሆነው ምስጋናዬ እመጣለሁ።

ጨፋ ሮቢት ውስጥ አሚር የሚባል፣ በጠባዩ የተመሰገነ ወጣት የከብት ነጋዴ አለ። ይህ ልጅ ቪዲዮዎቻችሁን ሲያይ ልቡ ተሰረቀ። ፊቱንም ወደደ፤ ድምፁን ግን ይበልጥ ወደደ። ወግ አጥባቂ ስለሆነ ኮሜንት አልጻፈም፤ ሽማግሌ ላከ። ሼህ ሙሀመድኑር ሁለት ሰዎች አስከትለው የጀነት ቤተሰቦች ዘንድ ሄዱ። ጀነት ሻይ ይዛ ገብታ ሰላም ስትላቸው ግን ተያዩ። የልጅቱ ድምፅ ቀጭን ነው። ሼሁ ተሸማቅቀው «ልጄ፣ ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» አሏት። ጀነት፣ አላህ ይባርካት፣ አልዋሸችም። «ያ ድምፅ የኔ አይደለም፤ የኡምኩልሱም ነው፤ ገበያው አጠገብ በድሩ ልብስ ሰፊው ቤት ነው ያለችው» አለቻቸው።

«በድሩ ቤት» ማለት በሽማግሌዎቹ ጆሮ «የበድሩ ልጅ» ማለት ሆነ።

እናም ከዐስር ሰላት በኋላ እኔ ቤት መጡ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው በበርዎ ሲገቡ፣ ቤትዎ ውስጥም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሴት ልጅ ካለችዎ፣ ምን እንደሚያስቡ ለርስዎ አልነግርም።  ልጄን ዓፊያን ወደ ጓዳ አስገባሁና፣ ለዚህ ቀን ሳሰናዳው የኖርሁትን ንግግር በቃሌ እየከለስሁ ተቀመጥሁ።

ሼሁ ዱዓ አድርገው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ቦርከና ወንዝ ሙላት ጠይቀው፣ በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣነው ለመልካም ነገር ነው። ቤትህ ውስጥ ያለችውን ለልጃችን ለአሚር ፈልገናት ነው።»

«ክብር ነው» አልኋቸው፤ «ነገር ግን ትምህርቷን ሳትጨርስ ወላሂ አልድራትም።»

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። «ትማር እንጂ! ማን ይከለክላታል?» አሉ ሼሁ። «አሚርም ይህንኑ ነው የሚለው።»

«ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት አለባት።»

«ትግባ! ድምፅዋን ብቻ ሰምቶ እንዲህ የሆነ ልጅ፣ ለትምህርቷማ ምን አይሆን?»

«ድምፅዋን የት ሰማው?» አልሁ፤ ወገቤን ቀና አድርጌ።

«በስልክ ነዋ! ፋጡሜን ሆና ስትናገር።»

 ስናገር የራሴን ድምፅ አላወቅሁትም። «ሼህ፣ እሷማ ሚስቴ ናት!»

«ማል ጄታ?» አሉ ሼሁ በድንጋጤ፤ ምን እያልህ ነው ማለታቸው ነው። ከጎናቸው የተቀመጡት አዛውንት «አስተግፊሩላህ» እያሉ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። ይህን ጊዜ ከጓዳ በኩል፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያ ድምፅ ሙሉውን መጣ።

«በድሩ! ቃልህን አትጠፍ! ትምህርቷን ስትጨርስ እድራታለሁ ብለሃል፤ እኔ ደግሞ ነገውኑ እመዘገባለሁ!»

ሳቃችን ቤቱን ሞላው። ጫማ የሚፈልጉት አዛውንት ጫማቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። ዓፊያ ከጓዳ በሳቅ እየተንፈራፈረች ወጣች። እኔ እንኳ፣ አሁን ሚስቱን ለመዳር ሁለት ቅድመ ሁኔታ ያስቀመጠ ሰው፣ ከመሳቅ በቀር ምርጫ አልነበረኝም። ሼህ ሙሀመድኑር ግን ሳቃቸውን ቶሎ ጨረሱት። የመጡበትንም ረሱት።

«ያረቢ! ፋጡሜ ናት!» አሉ። «ልጄ፣ እስቲ ነይ ውጪ። ቃዲው በር ላይ ጥለሽን ሄደሽ እኮ ነው። ገባሽ ወይስ ተመለስሽ?»

ኡምኩልሱም ሻሿን አስተካክላ ወጣች፤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠችና ተረከችላቸው። ፋጡሜንም ሆነች፣ ባሏንም ሆነች፣ ቃዲውንም ሆነች። ጎረቤቶች በአጥሩ በኩል አንገታቸውን አስገቡ፤ ቀስ በቀስ ደግሞ ከነሙሉ አካላቸው ገቡ። እኔ ታሪኩን ድሮ ስትጽፈው ስለማውቀው፣ የተመለከትሁት ፊቷን ነበር። ለቪዲዮ አይሆንም የተባለውን ፊት። ቃዲው ሲቆጣ ቅንድቧ ይወጣል፤ ባልየው ሲለማመጥ ከንፈሯ ይወድቃል። በዚያ ሁሉ የሬዲዮ ዘመን እኔም ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም፤ ድራማውን የምሰማው ሱቅ ሆኜ ነበር።

የምስጋናዬ ቁጥር እዚህ ላይ ተምታቶብኛል፤ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ እቀጥላለሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሼሁ ቀጣዩን ክፍል ለመስማት ሰው ጨምረው ወደ ሱቄ መጡ። ዓብዱም ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ባልየውን ሆኖ ተጫወተ። ሴቶቹ ከውስጥ፣ ወንዶቹ ከደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ዓብዱ በስልኩ የቀዳውን ለባጃጅ ነጂዎች በቴሌግራም ላከው፤ እነሱ ወደ መናኸሪያ አደረሱት፤ ከመናኸሪያ በሚኒባስ እስከ ደሴ ወጣ። ሙሉውን ነው የሚሰሙት፣ አንድም ሳይቆረጥ። ተሳፋሪዎች ክፍሉ እስኪያልቅ አንወርድም እያሉ አስቸግረውናል ብለው ነጂዎቹ ይከሱናል። ከጅዳ ኡሚ የምትባል የሀገራችን ልጅ በድምፅ መልእክት «ፋጡሜ ዝም ብላ እንዳትታረቅ! መጀመሪያ ላሟን ይመልስላት!» ብላ ላከች። የጨፋ ሮቢት ገበያ ሴቶች ደግሞ ላሟ ከነጥጃዋ ካልተመለሰች ጉዳዩ አያልቅም አሉ። ባለቤቴ ተሸነፈች፤ ጥጃዋ ወደ ድርሰቱ ገባች። ውህደት ያሉትን ነገር የተረዳሁት ያኔ ነው፤ ስላስተማሩን ደግሜ አመሰግናለሁ።

ጀነትም መጣች። ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር። ኡምኩልሱም «አንቺ ምን አጠፋሽ? አፍሽን አበደርሻቸው፤ እኔም ድምፄን» ብላ አቀፈቻት። ከዚያ በራሷ ድምፅ እንድታነብ ሰጠቻት። ያ ቀጭን ድምፅ ለነገረኛዋ የባል እህት ልክ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ጀነት አፏን ስትከፍት ሰዉ ገና ሳትናገር ይስቃል። የናንተን ገጽ የተወችውም ለዚህ ነው፤ ንቀት አይምሰልዎ። አሚር ደግሞ በየሐሙሱ ከጨፋ ሮቢት ይጥበብልኝ እያለ ሱሪ ይዞ ይመጣል። ሱሪው ልኩ ነው፤ እያየሁት ዝም እላለሁ። ሼሁ የጀነት ቤተሰቦች ዘንድ በድጋሚ ለመሄድ ነጩን ልብሳቸውን አሳጥበዋል፤ በዚህ ጊዜ ልጁ የማንን ድምፅ እንደወደደ አስቀድመው አጣርተዋል።

ባለፈው ሰሞን ከቢሮዎ የተላከው ወጣት፣ ዝግጅቱን በገጻችሁ በቀጥታ ለማስተላለፍ እንደምትፈልጉ፣ ድምፁን ከሱቁ ቀድታችሁ ምስሉን በስቱዲዮ «በተሻሉ ፊቶች» እንደምትሠሩት ነገረን። ኡምኩልሱም የሰጠችውን መልስ እንዳይረሳው ብዬ ሳይጨመር ሳይቀነስ እዚህ አስቀምጠዋለሁ፤

«ድምፄን የፈለገ ከነፊቴ ይውሰደኝ። የሠራነው ሁሉ ስማችን ይጠራ። ሐሙስም በሬዲዮ፣ በድሮው ሰዓት፣ ማማ ላይ ላሉት ይድረስ። ይህ ከሆነ በስልክም በቴሌቪዥንም አስተላልፉት፤ እኔ ከዘመኑ ጋር ጠብ የለኝም። ካልሆነም ሥራ አስኪያጁ እንደማንኛውም ሰው መጥተው ይስሙ፤ አግዳሚው ግን ቶሎ ይሞላል።»

ከማይቋረጥ አክብሮትና ሱቅ ሙሉ ምስጋና ጋር፣
በድሩ፤ ልብስ ሰፊ፣ የፋጡሜ ባል (የእውነቱ)፣ የገዛ ሚስቱን በሽማግሌ ፊት ሊድር ጥቂት የቀረው
ከሚሴ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ለዒድ በገጽዎ ያስተላለፉትን የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ሼህ ሙሀመድኑር ሱቄ ተቀምጠው ደጋግመው ተመለከቱት። ንግግሩን እጅግ ወደዱት። ፊቱ የእርስዎ መሆኑን እኔ አረጋግጬላቸዋለሁ፤ አፍዎ ግን ከቃሉ ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ የድምፁ ባለቤት የት ሰፈር እንደሚኖር በትሕትና እንድጠይቅላቸው አዘውኛል። ስሙን ማወቅና ማመስገን ብቻ ነው የሚፈልጉት።