ኳሳርን ከኮከብ ሲለዩ የኖሩት የዶክተር አበጋዝ ዳልጮ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር አበጋዝ ዳልጮ ከአባታቸው ከአቶ ዳልጮ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ልክነሽ ይፍሩ በገረሴ አካባቢ ጥቅምት 12 ቀን 1958 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ያልተስተካከለ ነገር አይተው ማለፍ የማይሆንላቸው እንደነበሩ ወላጅ እናታቸው በሕይወት ሳሉ ይናገሩ ነበር። ገበያ ተልከው ስፍሩ የተዛባ ከመሰላቸው ገብሱን ትተው መስፈሪያውን መመርመር ይይዛሉ፤ ቤት ያለው ሰው ደግሞ እራቱን ይጠብቃል። ይህ ጠባይ አብሯቸው አደገ እንጂ አልለቀቃቸውም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በገረሴ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአርባ ምንጭ አጠናቀው በ1980 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመረቁ። ወደ አርባ ምንጭ ተመልሰው ለረጅም ዓመታት አስተማሩ። በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓለምጸሐይ ተክለወልድ ጋር በተክሊል ጋብቻ ፈጽመው አንዲት ልጃቸውን ፌቨንን አፈሩ።

ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጓዙ። በዚያም ያጠኑት ኳሳር የሚባሉትን የሰማይ አካላት ነው። ኳሳር እጅግ የራቀ ጋላክሲ እምብርት ነው፤ በመካከሉ ያለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ በዙሪያው ያለውን ጋዝ ሲስብ ጋዙ ግሎ ከፍተኛ ብርሃን ይሰጣል። በፎቶግራፍ ላይ ግን ከቅርብ ኮከብ በዓይን አይለይም፤ ሁለቱም ነጥብ ናቸው። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ሰማዩን እየቃኙ ሲያነሱ በሚሊዮን የሚቆጠር ነጥብ ይሰበሰባል። ከዚያ ሁሉ መካከል ኳሳሩን ከኮከቡ መለየት፣ በሁለት ቁጥር የተመዘገበውን አንድ ማድረግ፣ የተበላሸውን ማውጣት የዶክተር አበጋዝ የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ።

በ2001 ዓ.ም. ሲመረቁ እዚያው እንዲቀሩ ተጠይቀው፣ «መረጃው ኮምፒውተር ባለበት ሁሉ ይሠራል» ብለው ወደ አርባ ምንጭ ተመለሱ። ይህችን ንግግራቸውን ወይዘሮ ዓለምጸሐይ መብራት በጠፋ ቁጥር ያስታውሷቸው ነበር።

መብራት ደግሞ ይጠፋል። ለቀናት የሮጠ ስሌት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ይቋረጥና እንደገና ከሀ ይጀመራል። በኢንተርኔት መረጃውን ማውረድ የማይታሰብ ስለነበር የደቡብ አፍሪካ ባልደረቦቻቸው በዲስክ ጭነው ላኩላቸው። ዲስኮቹ በሚያስተምሩበት ተቋም ንብረት ክፍል ደርሰው ተቀመጡ። ሠራተኛው «ውስጡ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቃቸው። «ኳሳር ነው» አሉት። እንዲህ የሚባል የዕቃ ዓይነት የለም ተብሎ፣ ከብዙ ምልልስ በኋላ «ልዩ ልዩ መለዋወጫ» ተብለው ወጡ። ዶክተር አበጋዝ ይህን ለቤተሰቡ በተናገሩ ቁጥር እንደ አዲስ ይቆጡ ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ግን ኮከብ ቆጣሪ መባላቸው ነበር። የጠፋ በሬ ያለበት፣ ልጁን ሊድር ያሰበ፣ ሱቅ ሊከፍት ቀን የሚመርጥ ሁሉ ይመጣባቸዋል። ቢያንገሸግሻቸው በቢሮአቸው በር ላይ «እዚህ ኮከብ አይቆጠርም» ብለው ለጠፉ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሰው በዛ፤ ማስታወቂያ የተለጠፈው ቢቆጠር ነው እየተባለ። ተማሪያቸው ወይዘሪት ኑሀ ሙስጠፋ አንድ ቀን ማስታወቂያውን አንብባ፣ «ግን እኮ ዶክተር፣ ስንቆጥር ነው የምንውለው» ብትላቸው ወረቀቱን ቀደዱት።

የመብራቱን ችግር የፈቱላቸው ወዳጃቸው ሐጂ ሂሻም ሳሊሕ ናቸው። ሐጂ ሂሻም በአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ከጫሞ ሐይቅ የሚመጣ ዓሣ የሚያከማቹበት፣ ጄኔሬተር ያለው ማቀዝቀዣ ቤት ነበራቸው። ከማቀዝቀዣው አጠገብ ያለችውን ክፍል ለኮምፒውተሩ ሰጡ። ስሌቱ ሳይቋረጥ ይሮጥ ጀመር፤ ዶክተር አበጋዝ ግን ዓሣ ዓሣ እየሸተቱ ይገቡ ጀመር። ኮታቸው፣ ቦርሳቸው፣ የሚያርሙት የተማሪ ፈተና ሳይቀር ይሸታል። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ፣ «ሰው ሰማይ አጥንቶ እንዴት ዓሣ ይሸታል? ወይ ዓሣ አስግር፣ ወይ እንደ ዶክተር ኑር» እያሉ አማረሯቸው። እንግዳ ሲመጣ ኮታቸው በረንዳ ያድር ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ተቋሙ መብራት የማይቋረጥበት ትልቅ ኮምፒውተር ማስገባቱ ተነገረ። ዶክተር አበጋዝ የቤታቸውን ሰላም አስበው ለዓመታት ያጣሩትን ሥራ ሁሉ ወደዚያ አዛወሩ። በምዝገባ ሳምንት አንድ ባለሙያ ለተማሪዎች ስም ቦታ ቢጠበው ፋይሎቹን አጠፋቸው። ሲጠየቅም፣ «የሰው ስም የለበትም፤ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ቆሻሻ መስሎኝ ነው» አለ። ጥሬው መረጃ በዲስኮቹ ላይ ቢኖርም የተጣራው ሁሉ ጠፍቶ ነበር። በትንሽ በትልቁ የሚቆጡት ሰው ያን ዕለት አልተቆጡም። ቤት ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ምን ሆንክ?» አሏቸው ወይዘሮ ዓለምጸሐይ።

«ጠፋ።»

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

ወይዘሮ ዓለምጸሐይ አጠገባቸው ተቀመጡ። ከዚያ፣ «ነገ ሐጂ ሂሻም ጋ ተመለስ። ዓሣውን እኔ እችለዋለሁ» አሏቸው። ዶክተር አበጋዝም ተመለሱ።

ሥራው ከወይዘሪት ኑሀ ጋር እንደገና ተጀምሮ በ2010 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። በደቡቡ ሰማይ ክፍል ያሉ ኳሳሮች ማውጫ ከባልደረቦቻቸው ጋር በጋራ ወጣ፤ ኑሀም በዚሁ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። ቤተሰቡ አሁንስ አረፉ ሲል ሌላ ጉድ መጣ። በማውጫው ላይ ስማቸው «ዳልጮ» ተብሎ ወጥቷል። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም መያዝ የውጭው ልማድ ስለሆነ፣ አበጋዝ የሚለው ወደ አንድ ፊደል አጥሮ ቀርቷል። «እኔ ዳልጮ አይደለሁም፤ ዳልጮ አባቴ ናቸው» እያሉ ደጋግመው ጻፉ። ሥርዓቱ የሚቀበለው እንዲህ ብቻ ነው የሚል መልስ ደጋግሞ መጣላቸው።

በዚያው ክረምት ገረሴ ወጥተው ለአባታቸው አማረሩ። አቶ ዳልጮ እስኪጨርሱ አዳምጠው፣ «የጻፉት የእኔን ስም ነው?» አሉ።

«አዎ አባባ፣ በስህተት።»

«ባሕር ማዶ ያለ ሰው ያነበዋል?»

«ያነበዋል።»

«ታዲያ ምን በደልኩህና ነው የምታስፍቀኝ?»

ዶክተር አበጋዝ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ስሙ አልጻፉም። ቤተሰቡ እንደሚያውቀው ስህተት አይተው ሳያርሙ የተዉት ይህን ብቻ ነው።

የኩላሊት ሕመማቸው የቆየ ነበር። ማውጫው እስኪያልቅ እያሉ ሕክምናውን አዘገዩት፤ ወይዘሮ ዓለምጸሐይም ሐጂ ሂሻምም ለምነው፣ ተቆጥተው አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሲተኙም ከአልጋቸው በላይ ያለው ማሽን ሰዓቱ ወደ ኋላ መቅረቱን ለነርሷ ደጋግመው ያመለክቱ ነበር። ነርሷ አስተካክላላቸው፣ «አሁንስ ተስማምቶዎታል?» ብትላቸው፣ «አሁን ደህና ነው» አሉ። ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል።

ዶክተር አበጋዝ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዓለምጸሐይን፣ ልጃቸውን ፌቨንን፣ ወንድማቸውን የዚህን ጽሑፍ አዘጋጅ አሸናፊ ዳልጮን እና አረጋዊ አባታቸውን ትተው አልፈዋል። ትናንት በመቃብሩ መስቀል ላይ ስማቸው ሲጻፍ ሠራተኛው የፊደሉን መጠን ጠይቆ ነበር። አቶ ዳልጮ በበትራቸው ተደግፈው፣ «አበጋዝ የሚለውን ትልቅ አድርገው። የእኔን አሳንሰው» አሉት። እንዳሉትም ተጽፏል።

ሰማያትን የዘረጋ አምላክ የአገልጋዩን፣ በክርስትና ስማቸው የወልደ ሚካኤልን፣ ነፍስ ብርሃን በማይጠፋበት ቦታ ያኑርልን። ልጃቸውን ለሚቀብሩት አባት ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።