ሽማግሌዎቹን ሆቴል እንዳያሳድሯቸው

ይድረስ ለምሳሳልዎ አባቴ ለሼህ ሀሚዱ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ የኅዳርን ብርድ እንዴት ቻለው? እማዬስ? ሐይቁ ሞልቷል ወይስ ሸሽቷል? የጎረቤታችን የእትዬ ተሻለች ሳቅ እንደ ድሮው እኛ ግቢ ድረስ ይሰማል? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤናዬ ሙሉ ነው፤ የጎደለኝ የእናንተ ዓይን ብቻ ነው። ሰላም ተፈረመ ሲባል እዚህ ያለነው የወሎ ልጆች ተቃቅፈን አለቀስን።

ይህን ደብዳቤ ኮንትራቱን ጨርሶ በሚመለሰው በሰፈራችን ልጅ በሰዑድ እጅ ልኬዋለሁ። እኔ ለዓለም ዋንጫው የመጣው እንግዳ የምሠራበትን ሆቴል ስለሞላው ፈቃድ አላገኘሁም። በስልክ ብነግርዎ «ተይኝ ልጄ» ብለው ያቋርጡኛል፤ ወረቀትን ማን ያቋርጠዋል? እህቴ ኢቲሳም ታንብብልዎ፤ ጉዳዩ የራሷ ነውና አፍራ ድምጿን ዝቅ ካደረገች ይቆጧት።

የሰማሁት ይህ ነው። ኢቲሳምን ለባድሩ ሊጠይቁ ከውጫሌ የሚመጡትን ሽማግሌዎች ከተማ ሆቴል ላሳድራቸው ብለዋል አሉ። ምክንያትዎን አውቃለሁ። በለውጡ ሰሞን ለእረፍት ስመጣ በኖራ ቀብተው፣ አልጋ አስገብተው በደስታ ያሳዩኝ የእንግዳ ክፍል ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ ባዶውን ቀርቷል። ሸሽታችሁ ስትመለሱ አልጋው፣ ፍራሹ፣ ምንጣፉ የለም፤ በሩ እንኳ ከነመቃኑ ተነቅሏል። እርስዎም ክፍተቱን ቆርቆሮ መቱበት፣ እስከ ዛሬም አልከፈቱትም። ይህን የነገረችኝ ኢቲሳም ናት።

አባዬ፣ በእርሻና በዓሣ ነገር እርስዎን አልደፍርም። ሆቴልን ግን እኔን ይጠይቁኝ።

የመጀመሪያዋ እመቤቴ፣ የጅዳዋ፣ ልጆቿን እንድይዝላት በሄደችበት ሁሉ ታስከትለኝ ነበር። መካ ያረፍንበት ክፍል መጋረጃው ሲገለጥ ካዕባ ቁልቁል ይታያል። መጋረጃውን የምገልጠው እኔ ነበርኩ፤ ጠዋት ጠዋት እነሱ ሳይነቁ ቀድሜ አይቼ ለእርስዎ ዱዓ አደርግ ነበር። የሼህ ሀሚዱ ልጅ ባለክፍሎቹን ቀደመች እያልኩ ስኮራ! ዱባይ ደግሞ ግድግዳው መስታወት ሆኖ ከኋላው ዓሣ የሚዋኝበት ክፍል ያዙ። እመቤቴ ዓሣው አፈጠጠብኝ ብላ እንቅልፍ አጣች። እኔ በሳቅ ልሞት፤ እኛ ሐይቅ ዳር ያደግነው ዓሣ ተጠብሶ ሲያፈጥብን እንኳ ደንግጠን አናውቅም።

አሁን የምሠራበት የዶሃው ሆቴል ላይ ግን ሁለቱም አይደርሱም። የላይኛው ፎቅ ትልቁ ክፍል ሳሎኑ ብቻ የኛን ግቢ ከነበረቱ ይውጣል፤ መታጠቢያ ገንዳው ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው። ያን ፎቅ የምመራው እኔ ነኝ። ከስንት አገር የመጡ ሠራተኞች «ማዳም ፈዲላ» የሚሉኝን ቢሰሙ! አላህ ከትዕቢት ይጠብቀኝና፣ በራሴ ኮርቻለሁ፤ እርስዎም ይኩሩብኝ።

በዚያ ክፍል የሆነውን ልንገርዎ። ከኩዌት የመጡ አንዲት አሮጊት ሻንጣቸው ተዘግቶ ሊወጡ ሲሉ ልሰናበታቸው ገባሁ። ጫማቸውን ሲያጠልቁ ሳይ አላስቻለኝም፤ «ኧረ በአላህ፣ ዛሬን እንኳ ይደሩ!» አልኳቸው። እኛ ቤት እንግዳ ሳይለመን መቼ ወጥቶ ያውቃል? እርስዎ ሲጠቅሱኝ የእንግዳውን ጫማ ከጋኑ ኋላ እደብቅ የነበርኩት እኔ አይደለሁ? የኛ እንግዳ ግን እንቢ ብሎ፣ መርቆና ተመርቆ ይሄዳል። አሮጊቷ ጫማቸውን መልሰው አወለቁ!

ለካ ክፍሉ ለሌላ እንግዳ ተሰጥቷል፤ ሰዎቹም ምድር ቤት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እንግዳ መሸኘት እንጂ መያዝ ማን አስተማረሽ አለኝ። አባቴ አልኩት። እንጀራዬ ላይ እንደምናገር እያወቅኩ እንኳ ያን ስል አላፈርኩም።

አሮጊቷ ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። ከባለቤታቸው ጋር ዓለምን ሲዞሩ ያላረፉበት ትልቅ ሆቴል እንደሌለ፣ በየደረሱበት አበባና ቴምር ይዞ እንኳን ደህና መጡ የሚል ሰው እንዳልጠፋ፣ አይሂዱ ያላቸው ግን ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ ይህች ልጅ ብቻ እንደሆነች ነገሩት። ሥራ አስኪያጁም ለሰዎቹ ሌላ ክፍል ፈለገ፤ እሳቸውም አደሩ። ዘንድሮም መጥተው ነበር፤ አባትሽን ሰላም በይልኝ ብለውኛልና ይኸው አደረስኩ።

እንግዲህ ይፍረዱ። ሆቴል አልጋ አለው፣ የሞቀ ውሃ አለው፤ እደሩ ብሎ የሚለምን ግን የለውም። የልጅዎ ሽማግሌዎች እዚያ ቢያድሩ ጠዋት ማን ይይዛቸዋል? ውጫሌ ገበያ ላይስ ምን ይወራል? ያ ክፍል የወልድያው አውቶቡስ የተሰበረበትን መንገደኛ ሁሉ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ያሳደሩበት ነው። ቆርቆሮውን ይንቀሉት። በሰዑድ ሻንጣ ነጭ አንሶላና ብርድ ልብስ ልኬያለሁ። አልጋው ቢወሰድም መደቡ አለ፤ ጭቃ ነውና ተሸክሞት የሄደ የለም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። እትዬ ተሻለችን ለኒካሁ ድግስ እጅሽን አሰናጂ በሉልኝ። ኢቲሳምን ግንባሯን ሳሙልኝ፤ አንሶላው ጥግ ጥጉ እንዴት እንደሚወጠር በቪዲዮ አሳይቻታለሁ። ሽማግሌዎቹንም ሰላም ይበሉልኝ። ጠዋት እንሂድ ሲሉ ግን ጫማቸው እንደ ድሮው ይጥፋ፤ ጋኑ ባይኖርም መደበቂያ አይታጣም።

ልጅዎ ፈዲላ ሀሚዱ
ዶሃ፣ ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.