በልጄ ፈንታ የሚመልስ መመሪያ

ይድረስ ለተከበሩ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ፣ ደረጃ በወጡ ቁጥር መነጫነጩን ተወ ወይስ እንደ እኔ ሲያረጅ ባሰበት? አዲሱ መነጽር ለዓይንዎ ተስማማ? እንቅልፍ ይወስድዎታል? እኔ፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ። እርስዎን አለማየቴ ሆዴን ያባባዋል እንጂ የጎደለብኝ ነገር የለም።

ልጄም ደኅና ናት፤ ሆኖም ወሯ እየተቃረበ ነው። ሆዷ ከጠረጴዛው ጋር መጋፋት ስለ ጀመረ ኮምፒዩተሯን በጎን ዞራ ነው የምትሠራበት። ያለንበትን ሁኔታ ሳልደብቅ ላጫውትዎ።

ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍትን ሲያውስና ሲቀበል የሚመዘግብበትን ሶፍትዌር እንደ ሠራች ባለፈው ጽፌልዎ ነበር። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት በእጅ የሚሞላቸውን የመመዝገቢያ ካርዶች ትቶ በእርሱ መሥራት ጀምሯል። ሶፍትዌሩ ሸጋ ነው፤ ችግሩ አጠቃቀሙ የሚገኘው በልጄ ራስ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከማለዳ ጀምሮ ስልኳ ይጮኻል። አንባቢ መጽሐፍ ቢጠፋበት ምን እንጫን? ሁለት ሰዎች አንድ ስም ቢኖራቸው ምን ይደረግ? እርሷም ማንኪያዋን አስቀምጣ ትመልሳለች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቅን ሴት ናቸው፤ ቢሆንም ቁርጡን ነግረዋታል። «አንቺ ስትወልጂ የሚመልስልን ከሌለ ወደ ካርዳችን እንመለሳለን» ብለዋል። ያ ሁሉ ልፋቷ በአንዲት ስልክ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ ማለት ነው። ዕድሜ ልኬን ድርሰት ሳስተምርና ሳርም የኖርኩ ሰው በቤት ተቀምጬ ሳለ መመሪያ የሚጽፍ ጠፋ ሊባል ነውን? ብዬ ተነሣሁ።

ጻፍኩም። እትዬ፣ በእውነት አምሮ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ የሰው ልጅ መመዝገብ ከጀመረበት ዘመን ተነሥቼ፣ የንባብን ክብር አውስቼ፣ መጽሐፍ ተውሶ የማይመልስን ሰው ወቅሼ፣ እያለ ይሄዳል። ልጄ ስትገልጥ ስትገልጥ ቆየችና «አባባ፣ መጽሐፍ ማዋስ የሚጀመረው የት ጋ ነው?» አለችኝ። ታገሺ፣ ይመጣል አልኳት። «የተጠማ ሰው የምንጩን ታሪክ አይጠይቅም፤ ኩባያውን ያቀብሉት» አለች። ይህች ምላስ ከማን እንደ ተወረሰች እርስዎ ያውቃሉ። አኮረፍኩ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ኩርፊያዬ ሲበርድ ግን እኛ እንዴት እንደ ተማርን ትዝ አለኝ። መልካም ጽሑፍ በእጃችን እየገለበጥን አይደለምን? «ያልገለበጥከውን አትጽፈውም» ይሉን ነበር መምህራችን፣ አለንጋቸውን እያወዛወዙ። እኔም በዚህ ሽበቴ ተመልሼ ተማሪ ሆንኩ። ሰዎች ሠርተው ማንም እንዲጠቀምባቸው በነፃ የሚለቋቸው ሶፍትዌሮች አሉ፤ ልጄ የእነርሱን መመሪያ በየዓይነቱ አወጣችልኝ። እኔም የልብስ ማጠቢያውን መጽሐፍና የመድኃኒቴን ወረቀት ጨመርኩበት። የተሻሉትን በእጄ ገለበጥኩና ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ትይዩ፣ ይህ የማንን ጥያቄ ይመልሳል? ብዬ ጻፍኩ።

መጥፎዎቹ ወዲያው ተጋለጡ፤ ማንም ያልጠየቃቸውን ይመልሳሉ። አንደኛው ራሱን ሲያመሰግን ገጹ ያልቃል። እርሱን ሳነብ አንገቴን ደፋሁ፤ የሥጋ ዘመዴ መሰለኝ። ደኅናዎቹ ገና ከበሩ ላይ ምን እንደሚሠሩ፣ ለማን እንደ ተሠሩ፣ ምን እንደማይችሉም ጭምር ይናገራሉ። እንግዳውንም ሳያንዛዙ፣ አንዲት ትንሽ ነገር በገዛ እጁ ሠርቶ እንዲያይ ያደርጉታል። ከሁሉ የደነቀኝ አንዱ ነው። ስሕተት ሲፈጠር በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ቃል አንዳች ሳይለውጥ ጽፎ፣ ከሥሩ «ይህን ካዩ አይደንግጡ» ይልና መፍትሔውን ያስቀምጣል። የጨነቀው ሰው የሚፈልገው ያንኑ ያየውን ቃል ነው፤ የእኔን አማርኛ ማሳመር አይደለም።

የቀድሞውን ቀደድኩት። ከዚያ በኋላ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከልጄ አጠገብ እቀመጥ ጀመር። ደዋዩ የጠየቀበት ቃል እንዳለ አርእስት ይሆናል፤ የእርሷ መልስ ከሥሩ ይገባል። ወገቤ ቢያመኝም አልተነሣሁም፤ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

በልጅነታችን ትምህርቴን በቃሌ ስወጣልዎ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ያስታውሳሉ? ስሳሳት አያርሙኝም ነበር። ጣትዎን በተሰናከልኩበት ቃል ላይ ያሳርፉና ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ከአለንጋው ይልቅ ያመኝ ነበር። ያንኑ ዘዴ ይዤ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ባልደረቦቿ «ጥድፊያ» የሚሏትን ሠራተኛ መርጬ፣ መመሪያውን ሰጥቼ ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ልጄ «አባባ፣ አንዲት ቃል ከተነፈሱ ፈተናው ፈረሰ» ብላ አስጠንቅቃኛለች። እኔን ዝም በል ማለት ምን እንደሆነ መቼም ለእርስዎ አይነገርም።

ጥድፊያ እንደ ስሟ ከነፈች። የተመለሰ መጽሐፍ መቀበል ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ገጹን ታያለች፣ ስክሪኑን ታያለች፣ እንደገና ገጹን። ምላሴን ነክሼ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ‹የታደለ› የሚለው ቁልፍ የት ጋ ነው ያለው?» አለችኝ። ለካ እዚያ ቦታ ላይ ልጥላት ብል እንቢ ብላኝ ያስቀረኋት አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ «አደራው የተመለሰለት ቤት ምንኛ የታደለ ነው!» የምትል። ምስኪኗ ልጅ ቁልፍ መስሏት ስትፈልግ ቆይታለች። እዚያው ፊቷ ሰረዝኳት። ጥድፊያም ያለ ማንም እርዳታ እስከ መጨረሻው ሄደች።

ዛሬ ዋናው ቀን ነው። ኃላፊዋ ፈቅደው ሠራተኞቹ ሁሉ በመመሪያው ብቻ እየሠሩ ነው፤ ፈጽሞ ካቃታቸው ነው የሚደውሉት። ልጄ ጋደም ብላለች፣ ስልኳ እዚህ ከወረቀቴ ጎን ነው። እስካሁን አንዴ ጮኸ። ተሽቀዳድሜ ሳነሣው ባሏ ኖሯል፤ የትኛውን ሳሙና ልግዛ? ይላል። ለእርሱም መመሪያ ሳያስፈልገው አይቀርም።

እንዲህ ስላልኩ ግን አበቃሁ ማለቴ አይደለም። ገጾቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ልጄም ሶፍትዌሩን ለልጅ ልጅዎ ልካላታለች። ኮምፒዩተሩን ትክፈትልዎና ትውጣ፤ እንዳታስረዳዎት። እርስዎም «በርታ ወንድሜ፣ ደግ ሠርተሃል» ብለው እንዳይጽፉልኝ እለምንዎታለሁ። የተሰናከሉበት ቃል ላይ ጣትዎን ያሳርፉልኝ፤ በእርሳስ ከበው ይመልሱት። ልጄ እስክትወልድ ገና ጊዜ አለኝ፤ አሥሬ ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

ለጋሼ፣ ለባለቤትዎ፣ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስ፤ ሬዲዮኑን ቀነስ ያድርጉልዎ። ነርሷን ልጅዎን በእኔ ስም ይሳሙልኝ። የልጅ ልጅዎን ስለ ድካሟ ያመስግኑልኝ። ከታች ቤት ላለችው ልብስ ሰፊ ጎረቤትዎም፣ የጠበበኝን ካፖርት ረስቼው እንዳይመስላት ይንገሩልኝ።

ደብዳቤውን ላሽግ ስል የሥራ ሰዓት አለቀ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋ። ስልኩ አልጮኸም። ዝምታው የእርስዎን ዝምታ ይመስላል፤ የዛሬው ግን ጣት አላረፈበትም።

ታናሽ ወንድምዎ

ከልጄ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ሰኞ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን