የለም ያልኩህ ሳህኖች

ውድ ምድጃው፣

ዛሬም በዚሁ ስም ብጠራህ እንደማትቀየመኝ አውቃለሁ። የካንሰር ዕጢን በብርሃን ስለምታሞቅ ቅጽል ስሙን ያወጣሁልህ እኔው ነኝ።

ያቺ ጠባብ ቤተ ሙከራችን በጣም ትናፍቀኛለች። አንድ ጠረጴዛ ለሁለት፤ ግማሹ ያንተ መብራት፣ ግማሹ የኔ ብልቃጥ። የኔ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ሄዶ የካንሰሩ ኢንዛይም ሲነካው ብቻ የሚነቃ ነው። ያንተ ብርሃን ጥቂት የካንሰር ሕዋስ ሳይገድል ያስተርፋል፤ የኔም እንዲሁ። "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነው፤ እስቲ አንድ ላይ እንሞክረው" ስትለኝ፣ "ወግድ! ምድጃህን ከመድኃኒቴ አርቅልኝ" እልህ ነበር። ሳቅህ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል። እንደዚያ የሚስቅ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ያን ቀን ጠዋት ቦታ ጠቦኝ መድኃኒቴን የጨመርኩባቸውን የካንሰር ሕዋስ ሳህኖቼን ካንተ ሳህኖች ጎን አስቀመጥኩ። ሁለታችንም ብርሃን እንዳይነካቸው በፎይል ስለምንጠቀልላቸው የማን እንደሆነ አይለይም። መብራቱን ልታበራ ስትል፣ "እዚህ ያንቺ የለም አይደል?" አልከኝ። ስልክ እያወራሁ ነበር፤ ዞር ብዬም ሳላይ "የለም" አልኩህ። አንተም አምነኸኝ ፎይሉን ገልጠህ አበራህ።

አለቃችን መጥቶ "የሦስት ወር ሥራ ማነው ያበላሸው?" ሲል እኔ መሬት መሬት አየሁ። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝና፣ "እኔ ነኝ፤ ሳላጣራ ነው" አልክ። ሳምንት ሳይሞላ ወደ ዕቃ ክፍል አዛወሩህ፤ ብዙም ሳትቆይ ከተማውንም ለቀህ ሄድክ። ስትሰናበተኝ እንኳን ብልቃጤን እያጠብኩ "ደህና ሁን" ብቻ አልኩህ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ይኸ ነው፦ ሳህኖቹን በማግስቱ በአጉሊ መነጽር አይቻቸዋለሁ። አንድም ሕያው ሕዋስ አልነበረም። ሙቀቱ የሕዋሱን ሽፋን አላልቶ መድኃኒቴን አስገብቶልኛል፤ ኢንዛይሙም ቀስቅሶታል። አንተ ያኔ ገና ዕቃህን እየሸከፍክ ነበር። ሐሳቡን እንደራሴ አድርጌ አቀረብኩት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አጨበጨቡልኝ።

አሁን በሙከራ አይጦቹም ላይ ዕጢው እየከሰመ ነው፤ የጥናት ጽሑፉ ሊታተም ተቃርቧል። ትናንት አለቃችን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

"ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ፤ ገብቶሻል?" አለኝ።

"ገብቶኛል" አልኩት።

አሁን በጽሑፉ ላይ ስምህ ከስሜ ቀድሟል። ለመታተም ግን ፊርማህ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ብትቀደው አይፈረድብህም። ከፈረምክ ግን በፖስታ አትመልሰው፤ አንተው ይዘኸው ና። ይቅርታህን መሬት መሬት እያየሁ ሳይሆን ዓይን ዓይንህን እያየሁ ልለምንህ።

የበደለችህ ባልደረባህ